አስናቀች «ፖሽ» የሚለውን ቃል የተማረችበት ክረምት

ሠላሳ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ከእንግዲህ ለማንም ሰው ሰዋስው አላስረዳም። መሐላዬ የቆየው አራት ወር ነው። ሆሳዕና ላይ ጡረተኛ ሆኖ ቤት መዋል ጭጋጉ ሲወርድና ሲነሣ ማየት ነው፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ከአሕመዲን ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ ለሚመለሱ ጎልማሶች ማስተማር ጀመርኩ።

ክፍሏ እንቅልፍ ታመጣለች። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዎቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ፤ ከላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ በመስኮቱ ሲያዩ ከአጥሩ ማዶ ያለው እንሰት እንኳ በጭጋግ ጠፍቷል። ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። እኔም አንዳንዴ ጠመኔውን እንደያዝኩ ሐሳቤ ይሄዳል፤ የት እንደሄደ ሳላውቅ ይመለሳል።

አስናቀች የመጣችው ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጃንጥላዋን አጥፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ነጥተዋል።

«ቲቸር፣ እኔ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«እዚህ ቃል በነጠላ አይሸጥም። ግቢና ተቀመጪ» አልኳት።

ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ ነው የምትሠራው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ክፍሏ ስትገባ አስናቀች አልጋውን እያነጠፈች ደረሰችባት። ፈረንጇ የተተኮሰውን አንሶላ በእጇ ዳሰሰችና ሣቅ ብላ «ኦ! ፖሽ!» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አስናቀች ግን ቃሉን ይዛው ወጣች። አንሶላ ስታጥብ ትለዋለች፤ ስትተኩስ ትለዋለች፤ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ፖሽ ይላል አለችኝ። ልጇ ሐዳሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በስልኳ ፈልጋላት ነበር። ስልኩ «የቅንጦት» ብሎ አለፈው። አስናቀች በዚህ አልረካችም።

እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅምጥል ብል ስንፍና ገባበት። ጨዋ ብል ምግባር ገባበት። የትልቅ ቤት ልጅ ስል አስናቀች ቀና አለች።

«ቲቸር፣ አጥንት አለበት ማለት ነው?»

«ትንሽ አለበት» አልኳት። «ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከማን እንደተወለድሽ፣ እንዴት እንደምትናገሪ፣ ማዕድ ላይ እንዴት እንደምትቀመጪ፤ ሁሉንም ነው የሚነካው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል አልለቀቀቻትም። ሌላው ሰው ስለ ትናንትና ስለ ነገ ዓረፍተ ነገር ሲሠራ እሷ ስለ ፖሽ ነው። «አንሶላዬ ፖሽ ነው» አለች በእንግሊዝኛ፤ ለዕቃ ያስኬዳል አልኩ። «እኔ ፖሽ ነኝ» አለች፤ ክፍሉ ነቅቶ ሣቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብዬ እኔም ተረትኩባት። አመሌ ነው፤ ተማሪ ካልተኮረኮረ አይማርም ብዬ አምናለሁ።

«ስሚኝ አስናቀች» አልኳት። «ይህን ቃል ሰው ስለ ራሱ አይለውም። የሚባለው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሰው። ተናጋሪው ከታች ሆኖ ቀና ይልና ፈገግ ብሎ ይለዋል። ግማሹ ማድነቅ ነው፣ ግማሹ ጨዋታ። ስድብ አይደለም፤ ግን ወጋ ያደርጋል። ወጋ ካላደረገ በደንብ አልተባለም።»

ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ቆየች። ቀጥላ እጇን አወጣች።

«እናቴ ፖሽ ነበረች» አለች።

«ሀብታም ነበሩ?»

«አይ።»

«የባላባት ልጅ?»

«አይ፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ስሕተት ነው» አልኩና በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝኩት። «አንድ ቀን በትክክል የተናገርሽው ጊዜ ትክክል ነው እልሻለሁ። እስከዚያ አልልሽም።»

እሺ አለች። ቀዩን መስመር ግን በጣቷ ስታሻሸው አየኋት።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ ዝናቡ ከተማውን ዘጋው። ሌሎቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ባጃጅ የሚባል ነገር መንገዱ ላይ የለም። አሕመዲን መኪናዎቹን አቁሟል፤ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። አስናቀች መስኮቱን እያየች፣ ለእኔ ይሁን ለዝናቡ ሳታስታውቅ፣ መናገር ጀመረች።

«ቲቸር፣ እኔ የቦኖሻ ሰው ነኝ እያልኩ ነው ሠላሳ ዓመት የኖርኩት። ቦኖሻን አላውቀውም። አገሬ ከዱራሜ ወዲህ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ እንስራውን ይሠራልናል፣ ድስቱን ይሠራልናል፤ ከእጁ ግን አንበላም ነበር። ለቅሶ ቤት ሲመጣ ከሰው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ምግቡ ሳህን እንዳይነካ በኮባ ቅጠል ይሰጠዋል። ሴት ልጁን የሚያገባ የለም፤ ለወንድ ልጁም ሴት የሚሰጥ የለም። ይህን ሕግ ከልክሎታል፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ተሰብኮበታል። ዛሬ ሰው ሁሉ ትተነዋል ይላል። እውነት ነው፣ ትተነዋል፤ ጋብቻ እስኪመጣ ድረስ።

አስናቀች አራተኛ ክፍል ሳለች አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ሌሎቹ ልጆች ይነሡ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቷ ሆሳዕና መጥታ ሰው ቤት ገባች። ማን ነሽ ሲሏት ወላጅ የለኝም፣ ከቦኖሻ ነኝ አለች። በዚያው ቀረ። ሾፌር አገባች፤ ባሏ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ።

«አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ ጋር ዱራሜ ገበያ ሄድን» አለችኝ። «ሸክላ ተራ ስንደርስ እናቴ ተቀምጣለች። አሥር ዓመት አላየኋትም። እናቴ ደንበኛ አትጠራም፤ ሌሎቹ ሲጮኹ እሷ ዝም ብላ ዕቃዋን እየወለወለች ትቀመጣለች፤ የፈለገ ይመጣል። ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ጎረቤቴን አየች። ገባት፣ ቲቸር። በአማርኛ ‹ምን ላሳይዎት፣ እመቤት?› አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ በአማርኛ አናግራኝ አታውቅም። አንድ ጣባ አነሣሁ። ዋጋውን ነገረችኝ፤ ከፈልኩ። መልሱን ስትሰጠኝ እጇ እጄን እንዳይነካ ተጠነቀቀች። በዓመቱ ሞተች።»

 የያዝኩትን ጠመኔ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ እሷ ፖሽ ካልሆነች ማን ነው ፖሽ?» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ነገሩ ስላልገባት ነው የምትጠይቀኝ። ቃሉን ከሰማች ወዲህ ሕልም እንደምታይ ነገረችኝ። የሆቴሉ አንሶላዎች ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ገመዱ አያልቅም፣ በጭጋጉ ውስጥ እስከ ዱራሜ ይሄዳል። እናቷ ነጭ ጫማ አድርጋ በአንሶላዎቹ መሀል ትሄዳለች፤ ሰው ሁሉ ከአግዳሚው ተነሥቶ መንገድ ይለቅላታል። አስናቀች ልትጠራት ትፈልጋለች፤ ግን በየትኛው ቋንቋ እንደምትጠራት ይጠፋታል። በከምባትኛ ስሟ ስድብ ተለጥፎበታል፣ በሀዲይኛም፣ በአማርኛም። በእንግሊዝኛ ብቻ ማንም እናቷን ሰድቦ አያውቅም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ዋናውን ነገር ነገረችኝ። ሐዳሳን አንድ ልጅ ይፈልጋታል። ጥቅምት መጨረሻ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሽማግሌ ደግሞ አጥንት ይጠይቃል።

«ቦኖሻ ብል ያልፋል። የለመድኩት ነው» አለች። «ግን ልጄ የአያቷን ስም ሳታውቅ እንድትዳር አልፈልግም። ብናገር ደግሞ ጋብቻው ሊቀር ይችላል። ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንደወረደ ነገርኳት። አዳም ራሱ ከጭቃ ነው የተሠራው አልኳት። ዘመኑ ሌላ ነው፣ ንገሪያቸው፣ አትፍሪ፣ የተማረ ሰው ከጎንሽ ነው አልኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አመሰገነችኝ። ቤቴ እስክደርስ በራሴ ደስ ብሎኝ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ እንደ ልጅ ነበር የምሄደው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ልጅ ሆኜ እኛ ቤት አጥር ላይ አንድ ቅል ተሰቅሎ ነበር። ሸክላ የምታመጣልን ሴት ውሃ ስትጠይቅ በዚያ ቅል ነበር የሚሰጣት። እሷ ትጠጣለች፣ ቅሉ ተመልሶ አጥሩ ላይ ይሰቀላል። አባቴ ከሰሜን ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት የመጣ ሰው ነው፤ እናቴ ጾመኛ፣ ለድኻ የምታዝን ሴት ነበረች። አንድ ቀን በጨዋታ በዚያ ቅል ውሃ ስጠጣ እናቴ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተገርፌ አላውቅም።

መስከረም አለፈ። በጥቅምት አጋማሽ ነህምያ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፣ ልቡ ግን ደግ ነው። ሽማግሌ እንድሆነው ለመነኝ። አባቱ የሉም፤ ያሳደጉት አጎቱ አቶ ሕዝቅኤል ናቸው። እህል ነጋዴው ሕዝቅኤል ሲባል ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አጥንት በመቁጠርም ይታወቃሉ። ልጅቷ ማን ናት አልኩት። ሐዳሳ አለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ለአስናቀች ስነግራት ሣቀች። «እንግዲያው አልፈራም» አለች። እውነቱን ለሐዳሳ ነግራት ነበር። ሐዳሳ አልቅሳለች፤ ያለቀሰችው ግን አያቷ በሕይወት እያሉ ሳታውቃቸው በመቅረቷ ነው። ለነህምያም ነግራዋለች። ነህምያ እኔ ግድ የለኝም፣ የምፈራው አጎቴን ነው ብሏል። ሁላችንም የምንፈራው አቶ ሕዝቅኤልን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፤ አቶ ሕዝቅኤል፣ እኔ፣ ሌላም ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ፤ እሳቸው ለጸሎት ካልሆነ አፋቸውን አይከፍቱም። ዝናቡ አቁሞ ነበር፤ ጭጋጉ ግን በከሰዓቱ ወርዶ የአስናቀችን ግቢ አልብሶታል። ገመዱ ላይ የተረሳ አንድ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። አስናቀች የነገረችኝ ሕልም ትዝ አለኝና ሕልሟ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

በወጉ መሠረት ቆመን ጠየቅን። ተቀመጡ ተባልን፣ ተቀመጥን። መልስ ሳይሰጠን እንደማንቀምስ አቶ ሕዝቅኤል ተናገሩ። አስናቀች መሀል ወለሉ ላይ ቆመች። ሐዳሳ በጓዳው በር ላይ ናት።

«መልሱን ከመስጠቴ በፊት የምለው አለኝ» አለች።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው እቴ» አሉ አቶ ሕዝቅኤል። «ደግ ደጉን እናውራ።»

«ደግ ነው የምናገረው» አለች አስናቀች። «ቦኖሻ ነኝ ያልኩት ውሸት ነው። እኔ የራሄል ልጅ ነኝ። ራሄል የዱራሜ ገበያ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ልጄን ስትወስዱ የማንን የልጅ ልጅ እንደወሰዳችሁ እወቁ። እኔ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ የምትቀበሉ ከሆነ ቅመሱ።»

ጓዳ ገብታ ተመለሰች። በእጇ ያለው አንድ ጥቁር ጣባ ነው፤ ያ ጣባ። በጨርቅ ጠቅልላ የኖረችው ዕቃ ዛሬ አተካና ሞልቶበታል፤ ቡላው ከወተትና ከቅቤ ጋር ተገንፍቶ ጢሱ ይነሣል። አቶ ሕዝቅኤልን አለፈቻቸው። ሽማግሌውን አለፈቻቸው። እኔ ፊት አምጥታ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ጉርሻ የእኔ ነበር፤ በዕድሜ ስለምበልጥ፣ መምህሯም ስለሆንኩ፣ ከጎንሽ ነኝ ያልኳት እኔ ስለሆንኩ።

እጄን ዘረጋሁ። ጣባው ጫፍ ላይ ሲደርስ እጄ ቆመ።

አልዋሽም፤ እጄ ቆመ። ላቆመው አላሰብኩም። ሐሳቤ ብላ ይለኛል፣ ኤርምያስም አዳምም ብላ ይሉኛል፤ እጄ ግን አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ቅል እያየ ነበር። ጾም ነው ልል ፈለግሁ፤ እሑድ ነው፣ ያውም ፍስክ። ስንት ቆየሁ? እስከ አራት ብትቆጥሩ ነው። እስከ አራት ሲቆጠር ግን ብዙ ነገር ይታያል። ሐዳሳ ዓይኗን ስትጨፍን አየሁ። አስናቀች ግን ፊቴን አላየችም፤ የምታየው እጄን ብቻ ነው። እንደዚህ የቆሙ እጆችን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች።

አቶ ሕዝቅኤል ግንባራቸው በላብ ረጥቧል። መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጉት። ከዚያ ጣባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አተካና ከቀዘቀዘ አይበላም» አሉና ጎረሱ።

ቤቱ ተነፈሰ። ሽማግሌው ጎረሱ፤ ሐዳሳ እያለቀሰች መጥታ የአቶ ሕዝቅኤልን ጉልበት ሳመች። እኔም ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበር። በዚያች ሰዓት እንደዚያ ሽማግሌ የሚጸልይ አፍ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ።

አስናቀች ውሃ ልታቀርብልኝ ጎንበስ አለች። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ። እሷ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ቂም የለበትም፤ ክፍሉ ውስጥ ሁሌ የምትስቀው ሣቅ ነው፤ ግን ወጋ አደረገኝ።

«ቲቸር» አለችኝ በቀስታ፣ «ዩ አር ቬሪ ፖሽ።»

«ምን አለችዎት፣ መምህር?» አሉኝ አቶ ሕዝቅኤል አፋቸውን እየጠረጉ።

ሁሉም መልሴን ጠበቁ። እኔ ግን እሷን ነበር የማየው፤ በሳሙና የነጡት ጣቶቿ የውሃውን ብርጭቆ እንደያዙ ናቸው።

«ትክክል ነው» አልኩ። «አስናቀች፣ ትክክል ነው።»